ሶኬት ነቃዩ

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤» አሉ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ማእከል ኃላፊ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን የወንድምሽን ሲስተም ሰኞ እንዘጋዋለን። ቢታመም ማን ያክመዋል? እሱ ከሌለ አንድ ቀን ቀጥ ይልና ጉድ ይፈላል።»

እህትየዋ ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም። አሁንም አላለቀሰችም፤ ተናደደች።

ሲስተሙን አብራው የጻፈች ፕሮግራመር ናት። በየላቦራቶሪውና በየቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ፈተው የተቀመጡትን የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒውተሮች አስተባብሮ አንድን ከባድ ስሌት የሚያካፍላቸው ሶፍትዌር ነው። እናታቸው «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉት፣ ሟች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ትዪ የለ? እኔ ሎሚ አዳይ ነኝ» ይላቸው ነበር።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ባልደረቦቹ አመሉን እያነሡ ከሳቃቸው ጋር ይታገላሉ። ዓርብ ዓርብ እየዞረ ያገኘውን ኮምፒውተር ሶኬት ይነቅል ነበር። የወደቀውን ሥራ ሌላው ካላነሣለት ሶፍትዌሩ አልተሠራም ባይ ነው። «ሶኬት ነቃዩ» ያሉትም ለዚሁ ነው። ቤትም አላረፈ፤ ባትሪው ይሠራ እንደሆነ ለማየት የእናቱን ሬዲዮ ዜና መሀል ሶኬቱን መዥረጥ ያደርገው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን እኔንም ትነቅለኛለህ!» ይሉት ነበር እናቱ።

ነቅሎ የማያውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ ከራሱ ጠረጴዛ ሥር ያለውን፣ ለሌሎቹ ሥራ የሚያከፋፍለውን። ይህ አከፋፋይ ሲጠፋ ሌሎቹ ከመካከላቸው ተተኪ እንዲመርጡ የሚያደርገውን ክፍል እህትና ወንድም የሆስፒታል አልጋ ላይ ላፕቶፕ ዘርግተው ጻፉት። «ዓርብ እነቅለዋለሁ» አላት። ዓርብን ግን አላያትም።

«ሰኞን ምን አስጠበቀን?» ብድግ አለች። «አሁኑኑ እንሂድና አከፋፋዩን ልንቀለው። ከቆመ ይዝጉት።»

«ሐዘን ላይ ነሽ እኮ፣ ልጄ!» አሉ ኃላፊው።

«ሥራ ላይም ነኝ።»

የወንድሟ ቢሮ እሱ እንደተወው ነበር። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የወባ ተመራማሪዎች ለሲስተሙ የሰጡት ስሌት ቁጥሩን እየጨመረ ይሮጣል። ጠረጴዛው ሥር ገባች። ብትሳሳትስ? እሱ ታሞ፣ እሷ ፈርታ የጻፉት ነገር ነው። ሶኬቱን ጨብጣ ነቀለችው።

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ዝም አለ። ቁጥሩም ቆመ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ቁጥሩ ተነሣ። ቤተ መጻሕፍት ያለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አከፋፋይነቱን ተረክቦ፣ ሌሎቹም ታዘውለት፣ ስሌቱ ካቆመበት ቀጠለ። አንዲት የጠፋች ነገር የለችም።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ!» ጮኹ ኃላፊው የለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ረስተው። «ማን አባቱ ነው ይሄን የሚዘጋው!»

«እርስዎ ነበሩ እንጂ!» አለች ከጠረጴዛው ሥር። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም አብሮ መጣ። «ሠራ እኮ፣ ወንድም ዓለም! ሠራልህ!»

ቤት ስትደርስ እናቷ በር ላይ ጠበቋት። ልትነቅለው መሄዷን ሰምተው ኖሯል።

«ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም፣ እማዬ። ያለ እሱም ይሄዳል።»

እናትየዋ ቀና ብለው በለቀስተኛው መሀል አለፉ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ተዘግቶ የከረመውን ሬዲዮ ከፈቱና ሶኬቱን በገዛ እጃቸው መዥረጥ አደረጉት። ሬዲዮው ወሬውን አላቋረጠም። ሶኬቱን ግን ለቀስተኛው እስኪበተን ከእጃቸው አልለቀቁም።