አውሮፕላን የበላው ፎቶ

«ባሏን ለሰው አሸክማ እሷ እዚህ ቁጭ! ጉድ እኮ ነው!»

ወይዘሮ የወርቅውሃ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ለቀስተኛ ሲያንሾካሽኩ የኔነሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ሰማች። ምን ትበል? ሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርቷ የትም ያስኬዳል፤ ኢትዮጵያ ብቻ አያስገባም። የባሏ የምንያህል እናት «ልጄን አፈር ላልብስ» ብለው ስላለቀሱ፣ ሬሳውን ዛሬ ማታ ወንድሙ ገሰሰ ይዞት ይሄዳል። ለእሷ ለሚስቱ ጧት ሣጥኑን ዳብሳ መመለስ ብቻ ደረሳት። «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል፣ «አሜን» ትላለች። መጽናናቱ ግን ከየት ይምጣ!

ጓሮው ውስጥ ጣሪያዋ የሚንሸራተት የእንጨት ክፍል አለች። ምንያህል ራሱ ነው የሠራት። አረጋውያን ሲያስታምም ውሎ ይገባና እዚያ በቴሌስኮፕ ሰማይ ፎቶ ያነሣ ነበር። የፍራንክፈርት መብራት እያበሳጨው፣ አንድሮሜዳ የምትባለዋን ጋላክሲ ደጋግሞ አንሥቶ፣ ፎቶዎቹን ደራርቦ አንድ ጥርት ያለ ምስል ያወጣ ነበር።

«ግሪኮቹ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይሏታል» ይል ነበር እየሳቀ። «ካገር ቤት ያለ ቪዛ የምትመጣልን እሷ ብቻ ናት።»

ጠላቱ አውሮፕላን ነበር። ከፍሉግሃፈን፣ ከአየር ማረፊያው፣ የተነሣው ሁሉ ፎቶው ላይ ነጭ መስመር አሥምሮ ሲያልፍ «ይኸው፣ ይቺንም አውሮፕላን በላት!» ብሎ ይሰርዛት ነበር።

ሲመሽ የኔነሽ ልጇን ሰሎሜን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ፍሉግሃፈን በጽዳት ስለምትሠራ የአዲስ አበባው በረራ የሚነሣበትን ሰዓት ታውቀዋለች።

«ክፈቺው። ልክ እንደ አባትሽ አንሺ።»

ሰሎሜ ጣሪያውን ገፋች፣ ካሜራውን አስነሣች። ወይዘሮ የወርቅውሃ ነጠላቸውን እያጣፉ ተከትለው ወጡ።

«ኧረ የኔነሽ፣ ለቀስተኛ ጥለሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ባሌን እየሸኘሁ ነው፣ እትዬ። እርስዎ አይደሉ ለምን አልሸኘችውም ያሉት?»

አሮጊቷ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። የሞተር ድምፅ በላያቸው መጥቶ አለፈ። እሱ ይሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል!

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ደብዛዛዋን አንድሮሜዳ ነጭ መስመር ሰንጥቋታል።

«ካፑት ነው፣ ማማ» አለች ሰሎሜ። «አውሮፕላን በላው። ልሰርዘው?»

«ተይው!» ጮኸች የኔነሽ። «አባትሽ ነው!»

ሰሎሜ እጇን ሰበሰበች። የኔነሽ ጎንበስ ብላ ጣቷን የመስመሩ መነሻ ላይ አሳረፈች፤ ቀስ እያለች ተከተለችው፣ ተከተለችው። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።