መስታወቱ ላይ የተጣበቀው ወረቀት

ወረቀቱ አርጅቷል። ፀሐይ ሲያገኘው በራሱ ምስል የሚያወጣ ዓይነት ነው፤ ፎቶ አንሺዋ ከሟች ባሏ መደርደሪያ ነው ያገኘችው። ትናንት አንዱን ቁራጭ በተራ መስታወት ላይ ስትሞክረው እርጥበት ይዞ ኖሮ ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ ሌላውን በደንብ አድርቃ፣ የዛፍ ቅጠል አስተኝታበት ፀሐይ ላይ አወጣችው። የቅጠሉ ጅማት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ወረቀቱም ሳያስቸግር ተላቀቀ።

እንዲያም ሆኖ እጇ ፈራ። የባሏ ፊት የቀረው ፎቶ በሚታተምበት በአንድ የመስታወት ኔጋቲቭ ላይ ብቻ ነው። ምስሉ ከመስታወቱ ከተላጠ ሌላ የለም። ቢሆንም ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር ፍሬም ውስጥ አስገብታ ግቢው ውስጥ አስቀመጠችው።

«ልጄን እንደ እህል አሰጣሽው እኮ!» አሉ አማቷ ከበረንዳው።

«ደረሰ እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

ፍሬሙን ገልብጣ የጀርባውን ግማሽ ከፈተችና ወረቀቱን ከዳር ገለጥ አደረገችው። ግንባሩ መጥቷል። ቅንድቡም። ጉንጩ ላይ ስትደርስ ግን ወረቀቱ እምቢ አላት። ጣቷ ባለበት ደረቀ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ተጣብቋል። አድርቄው ነበር እኮ!»

አማቷ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ቅድም ወረቀት ልታመጪ ስትገቢ… ሳምኩት።»

«መስታወቱን? የቱ ጋ?»

«ጉንጩን ነዋ! እናት የት ትስማለች?»

ቢጎትቱት ይላጣል፤ ፀሐይ ላይ ቢተዉት ይጠቁራል። ፍሬሙን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ጨለማው ክፍል ሮጠች፣ ወረቀቱንም መስታወቱንም አንድ ላይ ውሃ ውስጥ አስገባች። ውሃው ወረቀቱን ያላቅቅ ይሆናል፤ ያረጀውን ምስልም ከመስታወቱ ሊያነሳው ይችላል። የሳህኑን ጠርዝ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄን አጠፋሁት?» አሉ አማቷ ከበሩ ውጭ ሆነው።



ዓይኗን ስትገልጥ ወረቀቱ ተንሳፍፏል። መስታወቱን ወደ መብራቱ አነሳችው። ዓይኑ አለ። አፉ አለ። ጉንጩ ላይ ግን ስስ ልጣጭ ተነሥቶ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል፤ ከንፈር ያህላል። ባዶው ቦታ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከእንግዲህ የሚታተመው ሁሉ እዚያ ላይ ጥቁር ምልክት ይዞ ይወጣል።

ፎቶውን በመድኃኒት አጽንታ፣ አጥባና አድርቃ ስትሰጣቸው አማቷ ጉንጩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከንፈርዎ ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ ከፎቶው ቀና አሉ። «ታዲያ አንቺስ የት ልትስሚው ነው?»

«እኔ ባልነካው ይሻለኛል» አለች። መስታወቱን ማንም እጁ የማይደርስበት ከፍታ ላይ አቆመችው።