ያልደረሱት የቀጠሮ ደብዳቤዎች

«ዶክተር ሽቦ! ዛሬም አራት አልጋ ባዶ ነው!» አለች ሲስተር፣ በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ።

በዓይን ክሊኒኩ ኮምፒውተሮቹንና የኢሜይል ሰርቨሩን የሚጠብቀውን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም። የሚውለው ከሐኪሞች ጋር ነውና እሱንም ዶክተር አሉት፤ ሽቦ ከእጁ ስለማይጠፋ ደግሞ ሽቦ ጨመሩበት። አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ቁጣው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይበርዳል።

«ትናንት ሦስት፣ ዛሬ አራት?» አለ።

«የቀዶ ጥገናው ሐኪም እጁን ታጥቦ ቆሞ በር በሩን ያያል። ሰውዬው የሚመጣልን በዓመት አንዴ ነው፤ ነገ ማታ ደግሞ ይሄዳል። ለነገ የጠራናቸው አሥራ ዘጠኝ ናቸው። እነሱም ከቀሩ ዓመት ሙሉ በጭጋግ ውስጥ ሊቀመጡ ነው።»

«ደብዳቤውን እኮ ልኬያለሁ። እዪው፣ ሁሉም ‹ተልኳል› ይላል።»

«ተልኳልና ደርሷል አንድ ነው እንዴ፣ የኔ ወንድም?» ብላው ወጣች።

ዶክተር ሽቦ ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ለሚስቱ አንድ አጭር ደብዳቤ ላከና ደወለላት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልኩን ስታነሣ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ።

«አሁን ኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ ገብቷል?»

«ቆይ መነጽሬን ልፈልግ... ኧረ የለም።»

«እስቲ ‹አይፈለጌ መልእክት› የሚለውን ክፈቺው።»

ከፈተችው። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ውይ፣ አገኘሁህ! ‹ሎተሪ ደርሶዎታል›ና የውፍረት መቀነሻ መድኃኒት መሀል ተቀምጠሃል!»

«አትሳቂ እንጂ!»

«እንዴት አልስቅ? ሃያ ዓመት ወርቅ ነው እያልኩ ያወራሁለት ሰው ከቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተገኘ።»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ወዲያው ግን ገባው። የሕመምተኞቹ ደብዳቤዎችም እዚያው ናቸው ማለት ነው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ደብዳቤው የሚላከው በልጆቻቸው ኢሜይል ነው። ሥራ ላይ የዋለ ልጅ ቆሻሻ መጣያ ሲያገላብጥ አይውል።

«ታዲያ ደውልላቸዋ» አለች ሚስቱ።

«ስልካቸው የለንም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመመዝገቢያውን ቅጽ እንደገና ያዘጋጀሁ ጊዜ የስልኩን መስመር አውጥቼዋለሁ። ስልክ ቁጥር ይለዋወጣል፣ ኢሜይል ይበቃል ብዬ። ሲስተር ተው ብላኝ ነበር።»

ሚስቱ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሁለት ነገር ትለው ነበር። አሁን ግን ድምፁን ሰማችው። «አይዞህ፣ የኔ ጌታ» አለች። «ገና ጠዋት ነው። መዘዙን ከሥሩ ፈልገው።»

ፈለገው። አይፈለጌ ደብዳቤ የሚረጩ ማሽኖችን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር የሚመዘግብ አንድ ድርጅት አለ፤ የኢሜይል አመላላሽ ኩባንያዎች ሁሉ ያንን ጥቁር መዝገብ እያዩ ነው የሚያስገቡትም የሚጥሉትም። በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የክሊኒኩን ቁጥር አስገባ። ቀይ ሆነ። ከቀዩ ሥር ይቅርታ መጠየቂያ ቅጽ ነበረ፤ ጥፋቱ ምን እንደነበርና እንዴት እንደታረመ ይጠይቃል።

«ምንም አላጠፋንም። እኛ የዓይን ክሊኒክ ነን» ብሎ ጻፈ።

መልሱ ዓይን ሳይጨፈን መጣ፤ የመለሰው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። ጥፋቱ ካልተገለጸ ጥያቄው አይታይም ይላል። እንደገና ጻፈ፣ አሁን ረዘም አድርጎ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ዓይን ሁሉ ነገረው። ያው መልስ። ሦስተኛውን በቁጣ ጻፈው፤ ያው መልስ። ሳይሰርቁ ሌባ መባል ያንገበግባል፤ ሌባ ያለህ ነገር ጆሮ የሌለው ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ቁጣው በረድ ሲል ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው። ሕንፃው ውስጥ ያሉት ቢሮዎችና ሱቆች ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ የኢንተርኔት መስመር፣ በአንድ ቁጥር ነው። ከደረጃው ሥር፣ የሁሉም ገመድ ወደሚገናኝበት ሣጥን ወረደና ከፈተው። ትንንሾቹ መብራቶች ብልጭ ይላሉ፣ ያርፋሉ። አንዷ ግን አታርፍም፤ እንደ ትኩሳታም ልብ ትርገበገባለች። ገመዷን በጣቱ እየተከተለ ሄደ። ምድር ቤት ካለችው የሠርግ ካርድ ማተሚያ ሱቅ አደረሰችው።

የሚለውን ሁሉ በሆዱ አሰናድቶ ነበር የገባው። ባለሱቋ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት፣ የካርድ ጠርዝ በመቀስ እያስተካከሉ ነበር። ቀና ብለው አዩት።

«ግባ ልጄ፣ ምነው ላብ አጠመቀህ? ቁጭ በል፣ ውሃ ልስጥህ?»

ያሰናዳው ቃል ሁሉ በነነ። «እማማ፣ ኮምፒውተር አለዎት?» አለ ብቻ።

በመቀሳቸው ወደ ጥግ አመለከቱት። በእጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሶ፣ ሽ... እያለ ተቀምጧል። «እኔስ አልነካውም፣ በሠራተኛዬ ስልክ ነው ሁሉን የምንጨርሰው። የባለቤቴ ነው። ያ ሰው ካረፈ ሰባት ወሩ። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ‹ደክሞኛል› ብሎ እንደወጣ ነው፤ እሱ አላጠፋውም፣ እኔም አላጠፋሁትም።»

«ሰባት ወር ሙሉ በርቶ?»

«ድምፁ አለ አይደል። ጠዋት ስገባ ብቻዬን አይደለሁም ያሰኘኛል።» አፈሩ መሰል፣ መቀሱን ወረቀቱ ላይ መለሱ።

ዶክተር ሽቦ ዳንቴሉን ቀስ ብሎ አነሣ። ስክሪኑ ላይ ያላለቀ ካርድ አለ፤ የሙሽሪት ስም ተጽፎ የሙሽራው ቦታ ባዶ ነው። ከጀርባው ግን ሌላ ነገር ገብቶበታል። ቫይረስ ነው፤ በየደቂቃው በመቶ የሚቆጠር ደብዳቤ ለዓለም ይበትናል።

«እማማ፣ ይሄ ማሽን ታሟል» አለ። «ለማያውቃቸው ሰዎች የማይረባ ደብዳቤ ይልካል። መስመራችን አንድ ስለሆነ የእኛንም የሚቀበለን ጠፋ። የዓይን ቀጠሯችን አልደረሰም።»

«ሰዎቹ በኔ ምክንያት ቀሩ?» መቀሱ ከእጃቸው ወደቀ።

«በእርስዎ አይደለም። እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

«በል አጥፋው፣ ልጄ። አጥፋው» አሉና ራሳቸው እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ዘረጉ።

እጃቸውን ያዘው። «ይተዉት እማማ። የኢንተርኔቱን ገመድ ብቻ ነው የምነቅለው። ቅዳሜ መጥቼ አክመዋለሁ፤ ባለቤትዎ የሠሩትን ነገር አንዱንም አልጥለውም።»

ገመዱ ተነቀለ። ሽ... ማለቱ እንዳለ ቀጠለ።

ደብዳቤዎቹ እንደገና ተልከው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሱ። አንዲት ልጅ «አባቴ ለነገ ከአሁኑ ጫማውን አስጠርጎ ተቀምጧል» ብላ መለሰች። የቀዶ ጥገናው ሐኪምም ጉዞውን በአንድ ቀን ገፍቶ፣ ቀርተው የነበሩትን ሰባቱን ጨመራቸው። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ያ ቅጽ መሞላት ነበረበት፤ ሲስተርም ከዶክተር ሽቦ ጀርባ ቆማ ነበር።

«እንግዲህ ጻፈዋ!» አለች። «ጥፋተኛዋ ማተሚያ ቤቷ ናት በል። ስማችን ይጽዳ።»

«ስሟ ከተጻፈ መስመሯን ይቆርጡባታል፤ ቅጹ ላይ አለ።»

«በእኛ ስም ተጽፎ ከተደገመስ? ወር ሙሉ ሊዘጉን እኮ ነው፤ እሱም ቅጹ ላይ አለ።»

«እንዳይደገም እኔ አያለሁ።»

ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ፤ አልጻፈም። «ሲስተር፣ ስልኩን ከመመዝገቢያው ያወጣሁ ጊዜ ለምን ለዳይሬክተሩ አልተናገርሽም? አይሆንም ስትዪኝ እኮ ነው ያወጣሁት።»

«ምን ብዬ ልናገር? ይጠቅማል ብለህ ያደረግከው ነገር ነው» አለች ትከሻዋን ሰብቃ። «ሰው እንዲያው በየነገሩ ይከሰሳል እንዴ?»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳያቋርጥ ጻፈ፦ «ጥፋቱ የእኛ ነው። አንድ ኮምፒውተራችን ታሞ ሳናውቅ ቆይተናል። ዛሬ ከመስመር አውጥተነዋል።»

ሲስተር በትከሻው በኩል ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ኮምፒውተራችን?» አለች።

«የምንወጣው በአንድ በር አይደል» አለና ላከው።