የፍሪጅ ጀርባ

ሰው ሁሉ ፍሪጅ ብርድ የሚሠራ ይመስለዋል። አይሠራም። ፍሪጅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ በጀርባው በኩል ወደ ውጭ የሚጥል ዕቃ ነው፤ ሥራው ይኸው ነው። ይህንን ለደንበኞቼ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነግሬያለሁ፤ እነሱም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል። ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፤ ጀርባው ላይ ካልሲ ያሰጣሉ፤ ከዚያ «ጋሼ ውርጭ፣ አላቀዘቅዝ አለ» እያሉ ይመጣሉ። ውርጭ የሰፈሩ ሰው ያወጣልኝ ስም ነው፤ ወድጄዋለሁ።

«ጀርባው ላይ ምን አለ?» እላለሁ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«እ... የልጆች ልብስ ብቻ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ።»

ያኔ ነው ደሜ የሚፈላው። «ሙቀቱ በየት ይውጣ? ዕቃው እኮ ታፍኖ ነው! ጀርባውን ልቀቁለት!» እላለሁ። ጩኸቴ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይሰማል ይባላል። ትንሽ ያጋንናሉ እንጂ አልዋሹም።

በሙያዬ ማንንም አልፈራም። ማንኛውም ፍሪጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ማስተንፈስ ነበር። ቱቦ ለመበየድ ውስጡ የቀረው ጋዝ መውጣት አለበት፤ አለዚያ አደጋ ነው። ሱቄ ጠባብ ስለሆነች ጋዙ እንዳያፍነኝ ብዬ ግድግዳውን በስቼ የመዳብ ቱቦ አሳልፌ ነበር። ቱቦዋ ከኋላ ወዳለው ጠባብ መንገድ ትወጣለች። የፍሪጁን ቱቦ በእሷ ላይ ገጥሜ ስከፍተው ፍሽሽሽ ይላል። ከድምፁ ብቻ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረ፣ የት ጋ እንደሚያፈስ እናገራለሁ። ደንበኛው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ይህንን ጊዜ በጣም እወደው ነበር፤ ምን ልደብቅ!

አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ። ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ወደ ኋላው መንገድ ትሮጥና መዳፏን ቱቦዋ አፍ ላይ ትደቅናለች። ፍሽሽ ሲል «አባዬ፣ ቀዘቀዘኝ!» ብላ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔም ከውስጥ ሆኜ «ቆይ፣ ሌላ ይመጣል!» እላታለሁ። ሌላም ይመጣል።

ይህቺው ልጅ አድጋ የማቀዝቀዣ ሙያ ተማረች፤ በኋላም አሰልጣኝ ሆነች። አምና ታዲያ አዲስ ደንብ ወጣ። የምስክር ወረቀት የሌለው ጠጋኝ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ጋዝ መግዛት አይችልም ተባለ። ጋዝ ከሌለ ሱቅ የለም። ሥልጠናው አሥር ቀን፣ ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የወደቀ ዓመት ይጠብቃል። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ሱቄን ለዓመት ብዘጋ ደግሜ እንደማልከፍታት አውቀው ነበር። አሰልጣኟ ደግሞ ማን ሆና ተገኘች? ልጄ።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ነበርን። ግማሾቹ እኔው ዘንድ ሙያ የለመዱ ናቸውና ስገባ ብድግ አሉልኝ። ደረቴን ነፍቼ ከፊት ተቀመጥኩ። ቤት «አንተ» የምትለኝ ልጅ እዚያ «እርስዎ» አለችኝ። ደስም አለኝ፤ ቅርም አለኝ።

«ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፍሪጅ ጀርባ ነው» ብላ ጀመረች። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ተሳሳቁ። «ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች። ምድር ደግሞ ሙቀቱን መልሳ ወደ ላይ ትጥላለች፤ ልክ እንደ ፍሪጅ ጀርባ። አየሩ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ጋዞች ከዚያ ሙቀት የተወሰነውን ይይዙታል። መያዛቸው ጥሩ ነው፤ ጭራሽ ባይኖሩ ምድር እንደ ፍሪዘር በሆነች ነበር። ችግሩ እኛ ጨመርንበት። ከሰል፣ ነዳጅ፣ ደን እያቃጠልን ጀርባዋ ላይ ልብስ በልብስ ላይ አሰጣንባት። ታዲያ ሙቀቱ በየት ይውጣ?»

የገዛ ጩኸቴን መልሳ ጋበዘችኝ። እጄን አወጣሁ።

«አሰልጣኝ፣ ይሄ እኮ የመኪናና የፋብሪካ ጥፋት ነው። የእኛ ፍሽታ ከዚያ ምን ይደርሳል?»

«ትልቁ ድርሻ የነዳጅና የከሰል ነው፤ ልክ ነዎት። የእኛ ጋዝ ግን ኃይለኛ ነው። አንድ ኪሎው የሚይዘው ሙቀት ከሰል ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ከሺህ ኪሎ በላይ ሆኖ የሚይዘውን ያህል ነው።» ከዚያ ጠመኔዋን አነሳች። «እስቲ እርስዎ እስከ ዛሬ ስንት ፍሪጅ አስተንፍሰዋል?»

መቼም አፌ አያርፍ! ተማሪዎቼ ፊት ነኝ፤ ብነሳ ጥሩ ነው ብዬ ተነሳሁ። «ከዘጠኝ ሺህ አያንስም!» አልኩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩ።

ልጄ አላጨበጨበችም። ዘጠኝ ሺህ ብላ ጻፈች። ለያንዳንዱ ሁለት መቶ ግራም አሰበች፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሆነ። ያንን በከሰሉ ጋዝ መነዘረችው። ከሁለት ሚሊዮን ኪሎ በላይ። ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ስትጽፋቸው ጭብጨባው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ። ክው አልኩ።

ሲያበቃ በር ላይ ጠበቅኳት። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አልኳት።

«ላዋርድህ ብዬ አይደለም አባዬ። አላወቅክም ነበር። እኔም አላወቅኩም፤ መዳፌን ዘርግቼ እስቅ አልነበር?» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ከዛሬ በኋላ ግን ታውቃለህ።»

ትታኝ ሄደች። አይ ልጅ! ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

በማግሥቱ ጋዝ መሳቢያ ማሽን ከሥልጠናው ማዕከል ተውሼ ሱቄ ውስጥ አስቀመጥኩ። ማሽኑ ጋዙን ከፍሪጁ ስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይከተዋል፤ ወደ አየር የሚወጣ ነገር የለም። ድምፅም የለም፤ የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው። በጆሮዬ ስሠራ የኖርኩ ሰው በዓይኔ የግፊት መለኪያውን ጌጅ እያየሁ መሥራት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ እጄ ሳላውቀው ወደ ግድግዳው ቱቦ ሄደ። ሦስቱንም ጊዜ እጄን በሌላው እጄ መታሁት። ልጄ ልርዳህ ብትል እምቢ አልኩ። እኔ ውርጭ ነኝ፤ እወጣዋለሁ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ቀጭን ሰው ነበር። ልጄ አባቷን መፈተን ስለማትችል ከክፍሉ የመስተዋት ግድግዳ ማዶ ቆማ ታያለች። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከአንድ አሮጌ ፍሪጅ ጋዙን በሙሉ ስበህ ቱቦውን ትቆርጣለህ። ስትቆርጥ ትንሽ እንኳ ፍሽ ካለ ወደቅክ።

ገጠምኩ፤ ማሽኑን አስነሳሁ። የጌጁ መርፌ ወረደ፤ ወረደ፤ ዜሮ ላይ ቆመ። ማሽኑን አጠፋሁ።

«ጨርሰዋል። ይቁረጡ» አለ ፈታኙ።

መቁረጫውን አነሳሁ። ግን እጄ አላርፍ ብሎ ኮምፕሬሰሩን፣ ጋዙን የሚገፋውን ሞተር፣ ዳሰሰ። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ቆሞ ያለ ኮምፕሬሰር ምን ያቀዘቅዘዋል? መቁረጫውን አስቀመጥኩ።

«አላለቀም» አልኩ።

«ጌጁ ዜሮ ነው እኮ።»

«ጌጁ አያውቅም። ጋዙ ኮምፕሬሰሩ ዘይት ውስጥ ተደብቋል፤ እየተነነ ነው የሚያቀዘቅዘው።»

«አባት፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የቀረዎት።»

«አሥሩ ይበቃኛል። የፈላ ውሃና ጨርቅ አምጡልኝ!»

አመጡልኝ። ዘይቱ ሞቆ የያዘውን ጋዝ እንዲለቅ ጨርቁን በሙቅ ውሃ እየነከርኩ ኮምፕሬሰሩን ጠቀለልኩት፤ ሲቀዘቅዝ ቀየርኩት፤ ደግሜ ቀየርኩት። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። እኔ ወደ መስተዋቱ አላየሁም። አምስት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ መርፌዋ ከዜሮ ተነሳች። ትንሽ፤ ደግሞ ትንሽ። ማሽኑን መልሼ አስነሳሁ። ሲሊንደሩ ያለበት ሚዛን ሃያ ስምንት ግራም ጨመረ።

ቱቦውን ቆረጥኩ። ጸጥ።

ፈታኙ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፤ ምንም አልሰማም። «ይሄ ማሠልጠኛው ውስጥ በንድፈ ሐሳብ ነው የሚነገረው። እርስዎን ማን አሳየዎት?» አለኝ።

«ዘጠኝ ሺህ ፍሪጅ» አልኩት።

እውነቴን ነው። ሳስተነፍስ ዋናው ፍሽታ ካበቃ በኋላ አንዲት ቀጭን ሲር የምትል ድምፅ ትቀር ነበር፤ ኮምፕሬሰሩም ያኔ ይቀዘቅዝ ነበር። ዘጠኝ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ ለቅቄያታለሁ። ይህ ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል፤ አልክድም። ግን አንገቴን ደፍቼ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ያንን ጥፋት የሠራው እጅ ነው ዛሬ ሃያ ስምንቷን ግራም ከተደበቀችበት ያወጣው። የምስክር ወረቀቱ ላይ ማኅተም ሲመታ ልጄ ገብታ አቀፈችኝ፤ ጆሮዬ ሥር «በሚቀጥለው ዙር የዘይቱን ነገር አንተ ታስተምራለህ» አለችኝ። እሺ አልኩ። መጀመሪያ የማስተምራቸው እነዚያ ያጨበጨቡልኝን ነው፤ እኔ ያስለመድኳቸውን እኔው አስጥላቸዋለሁ።

ቅዳሜ ሱቅ መጣች። አንድ ፍሪጅ ከፍቼ ማሽኑን አስነስቻለሁ። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የት ሄደች ብዬ ሳስብ ድምፅዋ ከኋላው መንገድ በግድግዳው ቱቦ በኩል መጣ።

«አባዬ፣ መዳፌን ደቅኛለሁ! ምንም የለም!»

ሚዛኑ ላይ ያለው ሲሊንደር ሲሞላ እያየሁ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በሚሰማው ድምፄ መለስኩላት።

«ብትቆዪም አይመጣም!»