ሦስት ዓይነት ብርሃን

የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪሽያኑ «እኔ ዘንድ የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ሰው መሸኘት ሞቱ ነው። ሞተሩን እየገፋ ለመጣ ሁሉ የሆነ ነገር ይፈታል፣ የሆነ ነገር ይቀይራል። በዚህ አመሉ ብዙ ሰው ተጠቅሟል። አንድ ሰው ግን ተጎድቶበታል፤ ያውም አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ።

ታላቅየው በሞተር ደብዳቤ ያመላልሳል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጥቶ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ደከመብኝ፣ የፍጥነቱ ቁጥር አይታየኝም፣ ደመቅ ያለ ነገር ግጠምልኝ አለ። ታናሽየው ሳቀበት። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀር ሞተር ማሽሞንሞን ምን የሚሉት ነው፣ ያየሃት አለች እንዴ ሲል ቀለደ። እየቀለደ የብረት በሩን ዘግቶ ቤቱን አጨለመና ቁልፉን አዞረ። ቢጫዋ መብራት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። መብራቷ ምንም እንዳልሆነች ታናሽየው በገዛ ዓይኑ አየ። ሆኖም ወንድምን ያህል ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም።

«አምፖሉ ነው ጋሼ፤ አርጅቷል» አለና አረንጓዴ ገጠመለት።

ወር ሳይሞላ ተመለሰ። አሁንም ድንግዝግዝ ይልብኛል አለ። አረንጓዴው ወጥቶ ሰማያዊ ገባ። ከዚያም ነጭ። ነጩ ሲበራ ታናሽየው ራሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ታላቅየው ግን አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው፣ ቁጥሩን ፈለገ። ይህንንም ታናሽየው አየ። አየና ደነገጠ። ግን ሦስት አምፖል ከቀየሩ በኋላ «መጀመሪያውንም ደህና ነበር» ማለት እንዴት ይቻላል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጥፋቱን በሽቦው አላከከ፤ ሽቦውንም ቀየረ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ታላቅየው አንድ ዓመት ተኩል ነዳ። በመጨረሻ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥግ ይዞ ከቆመ መኪና ጋር ተላተመ። ክንዱ ተላልጦ ተረፈ። ዓይኑን ያየችው ሐኪም ግን፣ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እይታውን ከዳር ከዳር እየበላው ኖሯል፣ የሄደው አይመለስም፣ ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን በጠብታ ብቻ ይያዝ ነበር አለች። ይህን ለታናሽየው በስልክ የነገረችው የወንድሙ ሚስት ናት።

በማግስቱ ቤታቸው ሄደ። ወንድሙ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ታናሽየው አጠገቡ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዳ የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ጋሼ፣ አምፖሉ ምንም አልነበረም» አለ። «የመጀመሪያውም ደህና ነበር። እያወቅኩ ነው የዋሸሁህ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ነገር መሆኑን ራሱም ያውቃል። ስድቡን፣ ቁጣውን ጠበቀ። ቢመጣለት ምንኛ በቀለለው።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ ታላቅየው። «የጎረቤቶቼን ፊት መለየት ካቃተኝ ቆይቷል። ሐኪም ቤት መሄድ ፈራሁ። ሌላ ጋራዥ ብሄድ ደግሞ ‹ሞተርህ ጤነኛ ነው› ይሉኛል። አንተ ጋ የምመጣው አምፖሉ ነው እንድትለኝ ነው። ስትለኝ እኮ እያፏጨሁ ነበር የምሄደው።»

ይህንንም ያለው ሳይወቅሰው፣ ውለታውን እንደሚያመሰግን ሰው ሆኖ ነው። ታናሽየው ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም፤ እንባው ሲመጣ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን ግን የተቀመጠው ወንድሙ በማያይበት ጎን ነው። ፊቱን ማዞር አላስፈለገውም፤ እዚያው አጠገቡ፣ ድምፁን አፍኖ አለቀሰ።