የእነሱ ዛፍ

ከሶዶ መሀል በባጃጅ ወደ ዳር ሲወጣ ጥላ የበዛበት ሰፈር አለ። አጥሩ ሁሉ ዛፍ ነው፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ግራቪሊያ፤ ጓሮው ደግሞ እንሰት። እዚያ እንግዳ ሲመጣ በቤት ቁጥር አይመራም፣ "ማንጎዋ ሁለት የሆነችበት ግቢ" ነው የሚባለው። መንገዱም ቀጥ ብሎ መጥቶ መሀል ሲደርስ አንድ ትልቅ ሾላ ዞሮ ያልፋል።

ወለተጊዮርጊስ እዚያ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። አራት ልጅ አሳድጋ ድራለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሾላው ለምን መንገድ ላይ እንደቆመ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ነገሩ የከነከናት ዓርብ ከቅዳሴ ስትመለስ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ያየች ጊዜ ነው።

ቀጥታ ወደ ጌታሁን ሄደች። አስተማሪ ነው፣ የኮብልስቶን ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ስለሚነጠፍ ሾላው ሰኞ እንደሚቆረጥ ነገራት። ባለቤቱን ፈልገው ነበር፣ አጡ፤ ወረቀቱ ላይ "ባለቤት የለውም" ብለው ጻፉ።

"እኛን ማን ጠየቀን?" አለች።

"እርስዎን ራስዎን ጠይቄያለሁ እኮ እማማ። 'የእነሱ ነው፣ እነሱን ጠይቅ' አሉኝ።"

እውነቱን ነው፣ ብላዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የፕሮቴስታንቶቹ መዘምራን ከሾላው ሥር ይለማመዳሉ፤ በሰው ነገር እጄን አላስገባም ብላ ነው።

ከዚያ አጥር ለአጥር ወደምትጎራበታት ወደ ሰገነት ሄደች። ሰገነት ፕሮቴስታንት ናት፣ ቃሪያ እየቀነጠሰች ነበር። ነገሩን ስትሰማ ቃሪያውን አስቀምጣ ሳቀች። እሷም "የእነሱ ነው" ብላ ነበር ለካ፤ በጥምቀት ታቦቱ እዚያ ጥላ ሥር ስለሚያርፍ።

"ስንከባበር ልናስቆርጠው ነው ወለቴ" አለች።

"ታዲያ የማን ነው?"

ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር አባባ ጦና ናቸው። ሰፈሩ ለቤት መሥሪያ ሳይመራ በፊት የዙሪያው መሬት የአባታቸው እርሻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ሄደው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። አባባ በወላይትኛ ነው የሚያወሩት፤ ወለተጊዮርጊስ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ሰገነት ትነግራታለች።

ቦታው ጉታራ ነበር አሉ፤ ሰው የሚሰበሰብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት መስክ። አባታቸው ከአንድ ጎረቤት ጋር ሰባት ዓመት ተኳርፈው እዚያ ነው የታረቁት። በዕርቁ ቀን አንዱ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ሌላው ችግኝ አመጣ። ከእንግዲህ ዛፉን "የኔ ነው" ያለ ሰው ወይፈን ይክፈል ተባለ።

ለወለተጊዮርጊስ ነገሩ ገባት። እንግዲህ ወረቀቱ አልዋሸም። ባለቤት እንዳይኖረው ተብሎ የተተከለ ዛፍ ነው፣ አሁን ደግሞ ባለቤት የለውም ተብሎ ሊቆረጥ ነው።

"አባባ፣ ታዲያ ምን እንበል?"

"የኔ አትበሉ። የእነሱም አትበሉ" አሉ አባባ ጦና፣ ይሄን በአማርኛ።

ሁለቱ ሴቶች ሰፈሩን ተከፋፍለው በር ለበር ዞሩ። ወለተጊዮርጊስ ወደ ፕሮቴስታንቶቹ፣ ሰገነት ወደ ኦርቶዶክሶቹ ሄደች። ወደየራሳቸው ወገን ቢሄዱማ ያው "የእነሱ ነው" ተብለው መመለሳቸው ነው። የወዲያኛው ወገን ሰው ራሱ ደጅ ቆሞ "የእኛ ብቻ አይደለም፣ ኑና አብራችሁን ቁሙ" ሲል ግን እምቢ ማለት ይከብዳል። አንዷ ሴትዮ ብቻ ቅጠሉን ማን ሊጠርግ ነው ብላ አንገራገረች። እሷም መጣች።

ሰኞ መጋዝ የያዙት ሰዎች ሲደርሱ ሰፈሩ በሙሉ ሾላው ሥር ተቀምጧል። አባባ ጦናን በወንበር አምጥተዋቸዋል። ጌታሁን ሰዉን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶ አወጣ። "ባለቤት የለውም" የሚለውን አልሰረዘም። ከሥሩ "ሰፈሩ አይቆረጥ ብሏል" ብሎ ጨመረና ወረቀቱን ለሰዉ አዞረው። ሁሉም ፈረመ።

ኮብልስቶኑ ዞሮ ተነጠፈ። የባጃጅ ሾፌሮች እዚያ ጋ ሲደርሱ ያጉረመርማሉ።

ወለተጊዮርጊስን ግን አንድ ነገር አላስተኛትም። የአባባ ጦናን አባትና ጎረቤታቸውን ሰባት ዓመት ያኳረፋቸው ምን ነበር? አባባ ጦናን ብትጠይቃቸው እሳቸውም አያውቁትም። ቦዲቲ ያለችው ታላቅ እህታቸው ታውቅ ይሆናል አሉ። ለመጪው ሐሙስ ወደዚያ ለመሄድ ከሰገነት ጋር ተቀጣጥራለች።