የኤውፍራሲያ ክለብ

ደልሚራ ካጠበቻቸው የኳስ ክለቡ ማሊያዎች አሥራ አራተኛውን ገመዱ ላይ አስጥታ ወገቧን ይዛ ስትቃና፣ የክለቡ ሊቀመንበር ኦስማር የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። ብብቱ ሥር ፋይል ይዟል። ከተማው በሙሉ ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልበት ሰዓት መምጣቱን ስታይ ነገሩ አጣዳፊ እንደሆነ ገባት።

«እትዬ ደልሚራ፣ ፊርማዎን ፈልጌ ነው።»

«ቁጭ በል። የማቴ ሻይ ላፍላልህ?»

«ጊዜ የለኝም።»

«እኔ ግን ልቀመጥ፤ ጉልበቴ አልቋል።»

ፊርማዋ የተፈለገው አንደኛ ቁጥር አባል ስለሆነች ነው። አንድ አባል በሞተ ቁጥር ከሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ከፍ ይላል፤ የክለቡ ስም ደግሞ ያለ አንደኛው ቁጥር ፊርማ አይቀየርም። ደልሚራ በሰባት ዓመቷ ሁለት መቶ ስድስተኛ ሆና ተመዝግባ ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓመቷ ከፊቷ የነበሩት ሁሉ አልቀው አንደኛ ወጣች። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ምኑ እንደሚያስደስት አይገባትም ነበር።

ከተማዋ ኤቴልቪና የተባለችው ለባቡር ጣቢያው መሬት በሰጠው ባለርስት ልጅ ስም ነው። ሐዲዱን የዘረጉት ሠራተኞች የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ፣ የባለርስት ልጅ ስም ደረታችን ላይ አንለጥፍም ብለው ምግብ በምታበስልላቸው ሴት ስም ኤውፍራሲያ አሉት። ኤውፍራሲያ የደልሚራ አያት ናት።

«የሥጋ ፋብሪካው ባለቤት መብራት ሊተክልልን፣ አውቶቡስም ሊሰጠን ተስማምቷል» አለ ኦስማር። «ስሙ ይቀየር ነው የሚለው። ሊጉ መብራትና አውቶቡስ የሌለውን ቡድን አይመዘግብም፤ ምዝገባውንም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካልፈረሙልን የሴቶች ቡድናችን ልጆች ዘንድሮ አይጫወቱም።»

ከሴቶቹ ልጆች አንዷ፣ በረኛዋ ሚሌና፣ የደልሚራ የልጅ ልጅ ናት።

«እንደሚከብድዎት አውቃለሁ። የአያትዎ ክብር ነው።»

«ምኑ ነው ክብሩ?» አለችው። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነው። «አራት ለዜሮ ስንሸነፍ የተጋጣሚ ደጋፊዎች ስሟን እየጠሩ ምን ብለው እንደሚዘፍኑ ታውቅ የለ?»

ኦስማር አንገቱን ደፋ። ዘፈኑን እዚያ አካባቢ የማያውቀው የለም፤ ሰው ፊት የሚደገም አይደለም።

«አያቴ እሑድ ሜዳ ላይ የተዘፈነውን እንዳይደግሙባት ፈርታ ሰኞ ሰኞ ዳቦ ቤት አትሄድም ነበር። እኔን ነበር የምትልከኝ። አንድ ቀን ኮሚቴው ዘንድ ሄዳ ስሜን መልሱልኝ አለቻቸው። ሳቁባት። ‹አንቺ ሴትዮ፣ አክብረንሽ እኮ ነው› አሏት። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ሜዳው በር ላይ አልደረሰችም።»

«ይሄንን ማንም አልነገረኝም።»

«ማን ጠይቆኝ ልናገር?»

ነገሩን ስታወጣው ቀለል የሚላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም። ስድሳ ዓመት ሙሉ የአያቷን ስም ከጭቃ ስታጥብ ኖራለች። ስሙ ከማሊያው ላይ ቢወርድ ደስታዋ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበለችው።

«የቱ ጋ ነው?»

«እዚህች ጋ።»

መነጽሯን አድርጋ ከላይ የተጻፈውን አነበበች። አዲሱ ስም ሌዮኖር ይላል።

«ሌዮኖር ማናት?»

«የፋብሪካው ባለቤት እናት ናቸው። ሮሳሪዮ ከተማ፣ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ልጃቸው ሊያከብራቸው ፈልጎ ነው።»

«ጠይቋታል?»

«እንዴ እትዬ ደልሚራ! ክብር እኮ ነው። ምን ብሎ ይጠይቃቸዋል?»

ደልሚራ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ሌዮኖር ተጠይቃ እምቢ ብትል ሚሌና ማታ ቤት ስትገባ በምን ዓይኗ እንደምታያት አሰበች። እስክሪብቶውን ግን ከድና ፋይሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ማረፊያው ደውልና ሌዮኖርን አገናኙን በላቸው» አለችው።

«በዚህ ሰዓት ይተኛሉ።»

«እስክትነሳ እንጠብቃለን።»

«እምቢ ቢሉስ? ሚሌናም እኮ አትጫወትም።»

«አውቃለሁ» አለች ደልሚራ። «ደውል።»